የሚኒየቸር ቀለም መቀቢያ ብሩሽ

የሚኒየቸር ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ትንንሽ የሰው፣ የእንስሳ፣ የተሽከርካሪና የልብ ወለድ ፍጡራን ቅርጾችን ቀለም ለመቀባት የሚያገለግል፣ ብዙውን ጊዜ ክብና ጫፉ የሾለ ቀጭን ብሩሽ ነው። ሚኒየቸር የሚባሉት እነዚህ ቅርጾች ከፕላስቲክ፣ ከሬዚን ወይም ከብረት ይሠራሉ። በጠረጴዛ ላይ ለሚደረጉ የጦርነት ጨዋታዎች፣ ለሚና ጨዋታዎች፣ ለታሪክ ማሳያዎችና ለስብስብ ያገለግላሉ። ለጨዋታ የሚውለው የሰው ቅርጽ በአብዛኛው 28 ወይም 32 ሚሊሜትር ገደማ ቁመት ሲኖረው፣ ለእይታ ብቻ የሚሠራው ደግሞ 54 ወይም 75 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። በ28 ሚሊሜትር ቅርጽ ላይ የዓይን ስፋት ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ጀማሪዎች ለትንሽ ቅርጽ የሚያስፈልገው ከሁሉም ያነሰው ብሩሽ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ ግምት ስሕተት ነው። የሚኒየቸር ብሩሽ ጥራት የሚለካው በትንሽነቱ ሳይሆን በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው ጫፉ ወደ አንድ ነጥብ መሰብሰቡ፣ ሁለተኛው ሆዱ በቂ ቀለም መያዙ ነው። እነዚህን ሁለቱን ያሟላ መካከለኛ ብሩሽ ዓይንም ሆነ ሰፊ ካባ ሊቀባ ይችላል።

ታሪክ

ሚኒየቸር የሚለው ቃል መነሻው ብዙዎች እንደሚገምቱት ከማነስ ጋር የተያያዘ አይደለም። ምንጩ ሚኒየም የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ይህም እርሳስ ከሚባለው ማዕድን የሚሠራ ቀይ ቀለም ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጸሐፍት የብራና መጻሕፍትን በዚህ ቀለም ያስጌጡ ነበር። በብራናው ላይ የነበሩት ሥዕሎች ትንንሽ ስለነበሩ ቃሉ ቀስ በቀስ የማንኛውም ትንሽ ሥዕል፣ በኋላም የትንንሽ ቅርጾች መጠሪያ ሆነ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር በኑረንበርግ ከተማ ከቆርቆሮ የተሠሩ ጠፍጣፋ ወታደሮች በብዛት ይመረቱና በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የእንግሊዙ ዊሊያም ብሪተን ኩባንያ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን ማምረት ሲጀምር ዋጋቸው ወርዶ ወደ ብዙ ቤቶች ገቡ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ሊትል ዎርስ» በሚል ርእስ በእነዚህ አሻንጉሊት ወታደሮች የሚደረግ ጨዋታ ሕግ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ»፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «ዎርሃመር» ሚኒየቸር መቀባትን በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ አደረጉት።

ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሠሩ ብሩሾች የመጡት ዘግይተው ነው። ቀቢዎች ቀድሞ ይጠቀሙ የነበረው፣ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ የሚመርጡት፣ ለውሃ ቀለም ሠዓሊዎች የተዘጋጀውን ብሩሽ ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው የእንግሊዙ ዊንሶር ኤንድ ኒውተን ኩባንያ «ሲሪስ 7» የተባለው ብሩሽ ነው። ኩባንያው እንደሚገልጸው ብሩሹ እ.ኤ.አ. በ1866 በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙም የንግሥቲቱ ተወዳጅ መጠን ከነበረው ቁጥር 7 የተወሰደ ነው። የፈረንሳዩ ራፋኤል 8404፣ የጀርመኑ ዳ ቪንቺ ማኤስትሮ እና የእንግሊዙ ሮዝሜሪ ኤንድ ኮ ብሩሾችም በሚኒየቸር ቀቢዎች ዘንድ ይታወቃሉ።

የብሩሽ ክፍሎች

አንድ ብሩሽ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት።

ጸጉር፦ ቀለሙን የሚይዘውና የሚቀባው ክፍል ነው። የላይኛው መጨረሻ ጫፍ፣ መካከለኛውና ወፈር ያለው ክፍል ደግሞ ሆድ ይባላል። ሆዱ እንደ ማጠራቀሚያ ሆኖ ቀለሙን ይይዛል፤ ጫፉ ከቅርጹ ጋር ሲነካካ ቀለሙ ከሆዱ ወደ ጫፉ ቀስ እያለ ይወርዳል።

የብረት አንገት፦ ጸጉሩን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ነው። በጥሩ ብሩሾች ላይ አንገቱ ስፌት የሌለው፣ ብዙውን ጊዜ በኒኬል የተለበጠ ነሐስ ነው። ጸጉሩ በውስጡ በሙጫ ተይዟል። የብሩሽ ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ቀለም አንገቱ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ጸጉሩን ከሥሩ ከፍቶ ጫፉ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል።

እጀታ፦ በአብዛኛው ቀለም ከተቀባ እንጨት ይሠራል። ለረጅም ሰዓት የሚቀባ ሰው ወፈር ያለና በጣት መያዣው ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ እጀታ ሊመርጥ ይችላል፤ ይህ ግን የምቾት እንጂ የቅብ ጥራት ጉዳይ አይደለም።

የጸጉር ዓይነቶች

የተፈጥሮ ጸጉር

ለሚኒየቸር ከሁሉ የተሻለ ነው ተብሎ የሚታመነው ኮሊንስኪ ሴብል የሚባለው ጸጉር ነው። ስሙ ሴብል ቢልም ጸጉሩ ሴብል ከሚባለው ውድ ፀጉራም አውሬ አይገኝም። የሚገኘው ከሙጭልጭላ ወገን ከሆነውና በሳይንሳዊ ስሙ ሙስቴላ ሲቢሪካ ከሚባለው የእስያ ትንሽ ሥጋ በል አውሬ ጭራ ነው።

የዚህ ጸጉር ብልጫ በተፈጥሮ ቅርጹ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጸጉር ከሥሩ ቀጭን፣ መካከሉ ላይ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እጅግ የሾለ ነው። ብዙ ጸጉሮች አንድ ላይ ሲታሰሩ ሆድና ሹል ጫፍ በራሳቸው ይፈጠራሉ። ስለዚህ ብሩሽ ሠሪው ጫፉን በመቀስ ቆርጦ አያሾልም፤ የተፈጥሮ ጫፎቹን አስተካክሎ ይሰበስባቸዋል እንጂ። ጸጉሩ ታጥፎ መልሶ የመቃናት ኃይልም አለው። በጸጉሮቹ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ውሃን ስቦ ስለሚይዝ ብሩሹ ብዙ ቀለም ይሸከማል፣ ሲለቅም በእኩል መጠን ይለቃል።

«የግመል ጸጉር» ተብለው የሚሸጡ ብሩሾች ከግመል የሚሠሩ አይደሉም። ይህ የቆየ የንግድ ስም ሲሆን፣ በውስጡ የፍየል፣ የፈረስ ወይም የሌላ እንስሳ ጸጉር ሊኖር ይችላል። እነዚህ ለስላሳ ናቸው፤ ጫፋቸው ግን ስለማይሰበሰብ ለዝርዝር ሥራ አይሆኑም።

ሰው ሠራሽ ጸጉር

ሰው ሠራሽ ጸጉር ከናይለን ወይም ከፖሊስተር ይሠራል። ናይለን ለገበያ የቀረበው መጀመሪያ በጥርስ ብሩሽ ጸጉርነት እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር። ሰው ሠራሽ ብሩሽ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በአልኮልና በሌሎች ኃይለኛ ፈሳሾችም ቶሎ አይጎዳም። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር መጠቀም ለማይፈልግ ሰውም አማራጭ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚይዘው ቀለም ከኮሊንስኪ ያነሰ ስለሆነ ቀለሙ በአንድ ጊዜ ወደ ቅርጹ ሊፈስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ጫፉ እንደ መንጠቆ ወደ ጎን ይታጠፋል። የታጠፈውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ በመንከር በጣት ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን መፍትሔው ጊዜያዊ ነው።

የኮሊንስኪ ንግድ

ሙስቴላ ሲቢሪካ በህንድ ጥያቄ መሠረት፣ የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሦስተኛ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። ይህ ማለት ንግዱ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም፤ ጸጉሩ ወይም ብሩሹ ድንበር ሲሻገር ግን የመነሻ አገሩን የሚያሳይ ሰነድ ሊጠየቅ ይችላል። ሰነዱ ሳይሟላ ሲቀር ዕቃው በጉምሩክ ሊያዝ ስለሚችል፣ ከውጭ አገር ብሩሽ የሚያዝ ሰው ሻጩ ወደ አገሩ መላክ መቻሉን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። አውሬው በአብዛኛው ከዱር ስለሚታደን አንዳንድ ቀቢዎች ከዋጋው ይልቅ በዚህ ምክንያት ሰው ሠራሽ ብሩሽን ይመርጣሉ።

የቁጥር አሰጣጥ

የብሩሽ መጠን በቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ሲጨምር ብሩሹ ይወፍራል። ከ0 በታች ያሉት በዜሮዎች ብዛት ይጻፋሉ፤ 00 ወይም 2/0 ከ0 ያንሳል፣ 000 ወይም 3/0 ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት አይደሉም። የአንዱ ኩባንያ ቁጥር 1 ከሌላው ቁጥር 0 ወይም ቁጥር 2 ጋር ሊመጣጠን ይችላል። ስለዚህ በተለይ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ብቻ ከማየት ይልቅ የጸጉሩን ርዝመትና የአንገቱን ስፋት በሚሊሜትር ቢያነጻጽር የተሻለ ነው። በተጨማሪም አንዳንድ አምራቾች «ሚኒየቸር» የሚል ስም የሰጧቸው ብሩሾች ጸጉራቸው ከተራው ያጠረ ነው። ስሙ ለትንንሽ ቅርጾች የተሠሩ ቢያስመስልም፣ ያጠረው ጸጉር ያነሰ ቀለም ስለሚይዝ ብዙ ልምድ ያላቸው ቀቢዎች ተራውን ርዝመት ይመርጣሉ።

እጅግ ትንሽ ብሩሽ ለምን ያስቸግራል

ዛሬ አብዛኛው ሚኒየቸር የሚቀባው በውሃ በሚበጠበጥ አክሪሊክ ቀለም ነው። አክሪሊክ ውሃው ሲተን ወደ ፕላስቲክነት ይለወጣል፤ አንዴ ከደረቀም በውሃ አይሟሟም። በ3/0 ብሩሽ ላይ የሚኖረው ቀለም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብሩሹ ከገበታው ተነሥቶ ቅርጹ ጋር እስኪደርስ ድረስ ጫፉ ላይ መድረቅ ይጀምራል። ቀቢው ብሩሹን ሲያስነካ ቀለሙ አይወርድም፤ ስለዚህ ይጫነዋል። ሲጫነው ደግሞ ጸጉሩ ይዘረጋና መስመሩ ከታሰበው በላይ ይወፍራል። ተጨማሪ ቀለም በተደጋጋሚ መንከር ይኖርበታል፣ የደረቀውም ጫፉ ላይ እየተከማቸ ብሩሹን ያበላሻል።

ሆድ ያለው ቁጥር 1 ብሩሽ ግን ቀለሙን በሆዱ እርጥብ አድርጎ ያቆያል። ከቅርጹ ጋር የሚነካካው ጫፉ ብቻ ስለሆነ የመስመሩን ውፍረት የሚወስነው የብሩሹ ቁጥር ሳይሆን የጫፉ ሹልነትና የእጅ ጫና ነው።

ሲገዙ የሚደረግ ምርመራ

አዲስ ብሩሽ ብዙውን ጊዜ በጉዞ ላይ እንዳይጎዳ ጸጉሩ በሙጫ ተነክሮ ይሸጣል። በዚህ ሁኔታ ሁሉም ብሩሽ ሹል ይመስላል። እውነተኛው ጫፍ የሚታወቀው ሙጫው በውሃ ከታጠበ በኋላ ነው። ሱቁ ከፈቀደ የሚከተለው ምርመራ ይደረጋል።

1. ሙጫው እስኪለቅ ድረስ ጸጉሩን በንጹሕ ውሃ ማለስለስ።
2. ውሃውን በአንድ የእጅ ንቅናቄ አራግፎ ጫፉን መመልከት። ጥሩ ብሩሽ ያለ ጣት እርዳታ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። ጫፉ ለሁለት ከተከፈለ ወይም ከሌሎቹ የረዘመ ጸጉር ካለው ሌላ መምረጥ ይሻላል።
3. ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ አጥፎ መልቀቅ። ወዲያው መቃናት አለበት።
4. ጸጉሩን በቀስታ ሳብ አድርጎ የሚነቀል መኖሩን ማየት።
5. አንገቱ ከእጀታው ጋር የጠበቀ፣ የማይዞርና የማይነቃነቅ መሆኑን ማረጋገጥ።

ውድ ብሩሾች በአብዛኛው በእጅ ስለሚሠሩ በአንድ ስም ከሚሸጡት መካከል እንኳ ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ የኩባንያው ስም ብቻውን ለምርመራ ምትክ አይሆንም።

ለሥራው የሚስማማ ምርጫ

አንድ ጀማሪ ብዙ ብሩሾች በአንድ እሽግ የያዘ ስብስብ መግዛት አያስፈልገውም። በእንዲህ ዓይነቱ እሽግ ውስጥ የማይነኩ ብሩሾች ይበዛሉ። ለመነሻ የሚከተሉት ይበቃሉ።

ቁጥር 2 ክብ ብሩሽ፦ ለመሠረት ቀለም፣ ለልብስና ለጋሻ።

ቁጥር 1 ክብ ብሩሽ፦ ለአብዛኛው ሥራ፤ ፊት፣ እጅ፣ ቀበቶ፣ የብርሃን መስመሮችና ዓይን።

መካከለኛ ጠፍጣፋ ብሩሽ፦ ለቅርጹ መቆሚያና ለተሽከርካሪ።

አሮጌ ወይም ርካሽ ሰው ሠራሽ ብሩሽ፦ ቀለም ለመቀላቀል፣ ሙጫ ለመቀባትና ለደረቅ ቅብ።

ደረቅ ቅብ የሚባለው አብዛኛው ቀለም በጨርቅ ላይ ተጠርጎ የቀረው ጥቂት ቀለም በጎበጡ ቦታዎች ላይ የሚታሽበት ዘዴ ነው። ይህ መታሸት የማንኛውንም ብሩሽ ጫፍ ስለሚያጠፋ ጥሩ ብሩሽ ለዚህ መዋል የለበትም። ለስላሳ ክብ የመዋቢያ ብሩሽ ለደረቅ ቅብ ጥሩ ምትክ ነው።

የወርቅና የብር መልክ ያላቸው ቀለሞችም የተለየ ብሩሽ ይፈልጋሉ። በውስጣቸው ያሉት የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች በጸጉሩ መካከል ቀርተው በሚቀጥለው ቀለም ላይ ይወጣሉ። በዘይት ቀለምና በኢናሜል የሚሠራም ሰው ለእነዚህ የተለየ ብሩሽ መያዝ ይኖርበታል፤ ማጽጃቸው ውሃ ሳይሆን እንደ ነጭ ጋዝ ያለ ማሟሟያ ነውና።

የገንዘብ አቅም ውስን ከሆነ አንድ ጥሩ ቁጥር 1 የኮሊንስኪ ብሩሽና ሁለት ወይም ሦስት ርካሽ ሰው ሠራሽ ብሩሾች በአንድነት መያዝ ጠቃሚ ነው። ሻካራው ሥራ በርካሾቹ ሲሠራ የጥሩው ዕድሜ ይረዝማል። ይሁን እንጂ ብሩሽ ማጠብ ገና ያልለመደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቅርጾች በሰው ሠራሽ ብሩሽ ቢቀባ ኪሳራው ይቀንሳል።

አያያዝና ጽዳት

በደንብ የተያዘ የኮሊንስኪ ብሩሽ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ያልተያዘ ግን በአንድ ምሽት ሊበላሽ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

ቀለም ከጸጉሩ እኩሌታ በላይ መድረስ የለበትም። ዓላማው ቀለሙ ወደ አንገቱ እንዳይገባ ነው። ቀለምን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከመንከር ይልቅ በገበታ ላይ አውጥቶ በጥቂት ውሃ ማቅጠን ለዚህ ይረዳል።

ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ብሩሹ በየጥቂት ደቂቃው በውሃ ይለቀለቃል። ጫፉን በብርጭቆው ታች መጫንና ማሸት ግን ጸጉሩን ያጥፈዋል።

ብሩሽ በጫፉ ቆሞ ውሃ ውስጥ አይተውም። ጫፉ ይታጠፋል፣ ውሃው ወደ እጀታው ገብቶ እንጨቱን ያሳብጣል፣ አንገቱም ይላላል።

ሥራው ሲያበቃ ብሩሹ ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ሳሙና ይታጠባል። የብሩሽ ሳሙና ከሌለ ለስላሳ የእጅ ሳሙና ይሠራል። ብሩሹ በመዳፍ ላይ ቀስ ተብሎ እየተሽከረከረ አረፋው ንጹሕ እስኪሆን ይደጋገማል። በጣም ሙቅ ውሃ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ሙጫ ሊያላላ ስለሚችል ለኮሊንስኪ አይመከርም።

ከታጠበ በኋላ ጫፉ በጣት ሾሎ ብሩሹ በጎኑ ተጋድሞ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም ይቻላል። ከብሩሹ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ክዳን ሲመለስ አንድም ጸጉር እንዳይታጠፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርጥብ ብሩሽ በክዳን ከተዘጋ ሊሻግት ይችላል። የተፈጥሮ ጸጉር ብል ስለሚበላው ለረጅም ጊዜ የማይሠራበት ብሩሽ ደርቆ በተዘጋ ሣጥን ይቀመጣል።

የደረቀ አክሪሊክን አልኮል ያለሰልሰዋል። ይሁን እንጂ አልኮል የተፈጥሮ ጸጉርን ስለሚያደርቅ ከዚያ በኋላ በሳሙና መታጠብ አለበት።

ጫፍን በከንፈር ማሾል

ብዙ ቀቢዎች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው ወይም በምላሳቸው የማሾል ልማድ አላቸው። ልማዱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው የታሪክ ምሳሌ በአሜሪካ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በኒው ጀርሲ ግዛት በኦሬንጅ ከተማ በነበረ ፋብሪካ ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የራዲየም ቀለም በሰዓት ቁጥሮች ላይ ይቀቡ ነበር። ቁጥሮቹ ጥቃቅን ስለነበሩ ሠራተኞቹ ብሩሹን በከንፈራቸው እንዲያሾሉ ተነግሯቸው ነበር። ራዲየሙ በአጥንታቸው ውስጥ ተከማችቶ የመንጋጋ መበስበስ፣ የደም ማነስና ካንሰር ያስከተለባቸው ሲሆን ብዙዎቹ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1927 አምስት ሴቶች ያቀረቡት ክስ በ1928 በስምምነት ተዘጋ፤ ጉዳዩም ለሠራተኞች ደኅንነት ሕግ መጠናከር አስተዋጽኦ አድርጓል።

ለሚኒየቸር የሚሸጡ የዛሬ ቀለሞች ራዲየም የለባቸውም። ሆኖም ለሠዓሊዎች የሚዘጋጁ አንዳንድ ቀለሞች እንደ ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩባቸው ይችላሉ። እርጥብ ስፖንጅ፣ የወረቀት መሐረብ ወይም የእጅ ጀርባ ጫፉን ያለ ምንም አደጋ ያሾላል።

የብሩሽ ዕድሜ ማብቂያ

ብሩሽ ታጥቦም ጫፉ ካልተሰበሰበ ለዝርዝር ሥራ አያገለግልም። ይህ ማለት ግን ይጣላል ማለት አይደለም። ጫፉ የጠፋ ብሩሽ ለመሠረት ቀለም፣ ከዚያም ለደረቅ ቅብ፣ በመጨረሻም ለሙጫና የቅርጹን መቆሚያ አሸዋ ለማልበስ ይውላል። አንድ ወይም ሁለት ጸጉር ብቻ ወደ ጎን ወጥቶ ከሆነ ከሥሩ በትንሽ መቀስ ሊቆረጥ ይችላል፤ የተቀሩትን ጫፎች መከርከም ግን የተፈጥሮ ሹልነታቸውን ስለሚያጠፋ ብሩሹን ከማዳን ይልቅ ያበላሸዋል።